ባትሪው የተጻፈበትን ያህል ይይዛልን?

 

መብራት ሲጠፋ በየቤቱ የሚሆነው ይታወቃል። ሻማ ይፈለጋል፣ የስልክ መብራት ይበራል፣ ከዚያም ጎረቤትም ጠፍቶበት እንደሆነ በመስኮት ይታያል። በእኛ ቤት ግን መጀመሪያ የሚሰማው የማሽን ጩኸት ነው። እናቴ የሳንባ ሕመምተኛ ናት። ሐኪሞቿ ባዘዙት መሠረት ሌሊቱን የምታሳልፈው ከአየር ላይ ኦክስጅን እያጣራ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫዋ በሚያደርስ ማሽን ነው። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ማሽኑ ይጮኻል፤ እኛም በጨለማ ተነስተን ለክፉ ቀን ያስቀመጥነውን የኦክስጅን ሲሊንደር እንከፍታለን። ሲሊንደሩ ደግሞ ሲያልቅ የሚሞላው በሌሊት አይደለም።

ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደማንኛውም ሰው አልሐምዱሊላህ ብለናል። ሆኖም ኃይል መመንጨቱ አንድ ነገር ነው፤ ያ ኃይል በሰፈሩ ትራንስፎርመርና በግቢው ምሰሶ በኩል ሳይቋረጥ እናቴ አልጋ አጠገብ እስካለው ሶኬት መድረሱ ሌላ ነገር ነው። በክረምት ነጎድጓድ በመጣ ቁጥር ሰፈራችን ይጨልማል። ስለዚህ ጂዳ የሚሠራው ወንድሜ ገንዘብ ላከ፣ እህቶቼም አዋጡ፣ እኔም ያለኝን ጨምሬ አንድ ሊቲየም ባትሪና አንድ ኢንቨርተር ገዛን። ኢንቨርተር ማለት የባትሪውን ኃይል ወደ ቤታችን 220 ቮልት የሚለውጠው ዕቃ ነው።

ዕቃው እቤት እንደገባ ሁሉም እንዲገጠም ቸኮለ። በኮሌጅ የኤሌክትሪክ ትምህርት የሚከታተለው የእህቴ ልጅ ብቻ፣ «አጎቴ፣ ሳንፈትነው ለአያቴ አንገጥመውም» አለ። እውነቱን ለመናገር ተቆጥቼ ነበር። አዲስ ነው፣ ከነካርቶኑ ነው፣ ምኑ ይፈተናል? ብዬ።

በልባሱ ላይ ያለው ቁጥር

በባትሪው ላይ በትልቁ የተጻፈው «12.8 ቮልት፣ 100 አምፔር-ሰዓት» ይላል። ትርጉሙ ቀላል ነው። ባትሪው 100 አምፔር ለአንድ ሰዓት፣ ወይም 10 አምፔር ለአሥር ሰዓት መስጠት ይችላል ማለት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ሲባዙ 1,280 ዋት-ሰዓት ይሆናሉ። የቤተሰብ ጉዳይ የሚሰላው በዚህ ሦስተኛ ቁጥር ነው። የእናቴ ማሽን ወደ 350 ዋት ይፈልጋል። ኢንቨርተሩ ኃይሉን ሲለውጥ በግምት ከመቶ 15 ያህሉን በሙቀት ያባክናል። ቀሪው 1,088 ዋት-ሰዓት ለ350 ሲካፈል ከሦስት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። እኛም ስንገዛ ያሰብነው ይህንኑ ሦስት ሰዓት ነበር።

በተለመደው የአሲድ ባትሪ ቢሆን ኖሮ ስሌቱ ይለይ ነበር። የአሲድ ባትሪ በየጊዜው ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ቶሎ ስለሚያጥር፣ 100 የተጻፈበትን እንደ 50 መቁጠር ይገባል። ሊቲየሙ ግን ያለውን ሁሉ ቢሰጥ ያን ያህል አይጎዳም። ውድ የሆነውም በከንቱ አይደለም።

ሊቲየም ሲባል ግን ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ለቤት የሚመረጠው የሊቲየም፣ የብረትና የፎስፌት ውህድ የሆነው ነው። ይህን ውህድ ለባትሪ እንደሚሆን ጆን ጉድኢናፍና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ደርሰውበት እ.ኤ.አ. በ1997 አሳተሙት። በስልክና በላፕቶፕ ውስጥ ከሚገኘው ዓይነት ይከብዳል፤ ነገር ግን ሙቀትን የበለጠ ይታገሣል፣ በቀላሉም አይቀጣጠልም። አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ስለሆነ አራቱ ተደርድረው 12.8 ይሰጣሉ።

ወጣቶች ሆይ! እዚህ ላይ አንድ ስም ያዙልኝ። ሊቲየም በግራፋይት ውስጥ ሊገባና መልሶ ሊወጣ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በፈረንሳይዋ ግሬኖብል በሙከራ ያሳየው በሞሮኮዋ ፌዝ ከተማ የተወለደው ራሺድ ያዛሚ ነው። ዛሬ በኪሳችን ያለው ስልክ ባትሪም ሆነ ቤታችን የገባው ባትሪ አሉታዊ ጫፋቸው በአብዛኛው ግራፋይት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከጉድኢናፍ፣ ከኒሺና ከዮሺኖ ጋር የአሜሪካ መሐንዲሶች አካዳሚ የሚሰጠውን የድሬፐር ሽልማት ተቀብሏል። በ2019 የኖቤል ሽልማት ለጉድኢናፍ፣ ለዊቲንግሃምና ለዮሺኖ ሲሰጥ ግን የእርሱ ስም አልተጠራም፤ ሽልማቱ ከሦስት ሰው በላይ አይካፈልም። ይህን የምነግራችሁ እንድትቆጩ ሳይሆን፣ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የሌላ ሕዝብ ትምህርት የሚመስለው ወጣት ካለ እንዲያውቀው ነው።

ቮልቱ አይመሰክርም

ስንገዛ ሻጩ «ፈትሸንልሃል» ብሎን ነበር። ፍተሻው ቴስተሩን በሁለቱ ጫፎች ላይ ማሳረፍ ነበር። 13.3 ቮልት አነበበ፤ «ይኸው ሙሉ ነው» ተባለ፤ እኛም ደስ ብሎን ተሸክመን ሄድን።

የእህቴ ልጅ እንዳስረዳኝ ይህ ምስክርነት አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ባትሪ ቮልት ከሙሉ እስከ ባዶ ሲሄድ አብዛኛውን መንገድ ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ሰው ነው፤ ከመቶ 80 ሲኖረውና ከመቶ 30 ሲኖረው የሚያሳየው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። በመጨረሻ ከገደል እንደሚወድቅ ድንገት ይወርዳል። ከዚህም በላይ ቮልት የሚናገረው ዕቃው ምን ያህል እንደተሞላ እንጂ ዕቃው ምን ያህል እንደሚይዝ አይደለም። አፉ ድረስ የሞላ የአምስት ሊትር ጀሪካንም፣ አፉ ድረስ የሞላ የሃያ ሊትር ጀሪካንም ሁለቱም ሙሉ ናቸው።

ይህን ሲነግረኝ የገበያው ሐዲሥ ትዝ አለኝ። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ አንድ የእህል ክምር አገኙ። እጃቸውን ወደ ውስጡ ቢያስገቡ ጣቶቻቸው እርጥበት ነካቸው። ባለቤቱን ምን እንደሆነ ቢጠይቁት ዝናብ እንዳገኘው ተናገረ። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው እርጥቡን ከላይ ሊያደርገው ይገባ እንደነበር ነገሩት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነም አስጠነቀቁ። ሐዲሡን ሙስሊም ዘግበውታል። ብዙ ጊዜ የምንሰማው ለሻጭ ተግሣጽ ሆኖ ነው። ነገር ግን ክምሩን ከላይ አይተው አለማለፋቸውን፣ እጃቸውን ማስገባታቸውንም ልብ ማለት ይገባል። ቴስተር ማሳረፍ ክምሩን ከላይ ማየት ነው።

ከፈጅር እስከ ዐስር

እጅ ማስገቢያው መንገድ ይህ ነው፤ ባትሪውን ሙሉ በሙሉ መሙላት፣ ከዚያም የታወቀ ጭነት አስይዞ እስኪያበቃ ድረስ ሰዓት መቁጠር። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እኛ ሦስት የመኪና የፊት መብራት አምፖሎች፣ ለመኪና የሚሆን ወፍራም ገመድ፣ ባለ 20 አምፔር ፊውዝ፣ ከሰው የተዋስነው ክላምፕ ሜትርና አንድ ደብተር ነበረን። ክላምፕ ሜትር ገመዱን አቅፎ ስንት አምፔር እንደሚያልፍ የሚናገር ዕቃ ነው፤ ሲመረጥ ለባትሪ የሚሆነውን ቀጥተኛ ጅረት የሚለካ መሆኑን ማረጋገጥ ግድ ነው። የአምፔር-ሰዓቱን ድምር ራሱ እየደመረ የሚሄድ ትንሽ ቆጣሪም በገበያ ይገኛል፤ የተሻለ ነው፤ እኛ ግን አልነበረንም።

ከዋዜማው ጀምሮ ባትሪውን ለሊቲየም በተሠራ ቻርጀር ሞላነው። ይህ ቻርጀር 14.4 ቮልት ገደማ ሲደርስ ይቆማል። የአሲድ ባትሪ ቻርጀር ያለው ሰው ይጠንቀቅ፤ አንዳንዶቹ አሲዱን ለማደስ ብለው ከ15 ቮልት በላይ ስለሚወጡ ለሊቲየም አይሆኑም።

አምፖሎቹ እንደ እሳት ይግላሉ። እህቴ አሮጌ የሸክላ ምጣድ አምጥታልን በእርሱ ላይ አስቀመጥናቸው፤ ልጆችም ወደ ክፍሉ እንዳይገቡ ተደረገ። ፊውዙ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ገባ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ አበራን። ክላምፕ ሜትሩ 13.5 አምፔር አነበበ። 100 ለ13.5 ሲካፈል 7 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ያህል ነው። ባትሪው ቃሉን ከጠበቀ መብራቶቹ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ለዐስር ሶላት ጥቂት እስኪቀረው ድረስ መብራት ነበረባቸው።

በየግማሽ ሰዓቱ አምፔሩንና ቮልቱን እየጻፍን ተቀመጥን። ረጅም ጊዜ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብቻውን ትተነው እንዳንሄድ ዙህርን ተራ በተራ ሰገድን። እኔ ሰግጄ ስመለስ ደብተሩ ላይ ያለው ቮልት መውረድ ጀምሮ ነበር። 7 ሰዓት ከ20 ላይ ሦስቱም አምፖሎች በአንድ ጊዜ ጠፉ።

5 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። በ13.5 ሲባዛ 72 አምፔር-ሰዓት። ለእናቴ ማሽን ሲተረጎም ከሦስት ሰዓት በላይ የነበረው ወደ 2 ሰዓት ከሩብ ወረደ ማለት ነው። ሌሊት በጨለማ፣ ሦስት ሰዓት አለን ብለን ተረጋግተን ብንተኛ ኖሮ ወደ 50 ደቂቃ የሚጠጋው አየር በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነበር።

ሻጩም ሐቅ አለው

ያን ቀን ወዲያው ባትሪውን ተሸክሜ ልሄድ ተነስቼ ነበር። ያስቆመኝ ያው የእህቴ ልጅ ነው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በባትሪው ውስጥ አራቱንም ሴሎች የሚጠብቅ የኤሌክትሮኒክስ ካርድ አለ። አንዱ ሴል እንኳን ከተፈቀደው በታች ከወረደ፣ ሌሎቹ ገና ኃይል እያላቸው ካርዱ ሁሉንም ይዘጋል። ኢማም ሲያሰግድ ከኋላው ያሉትን ደካሞች አስቦ እንዲያቀልል እንደታዘዘው ሁሉ፣ ባትሪም የሚሄደው በደካማው ሴል አቅም ነው። በስልክ በብሉቱዝ ስናየው ሲጠፋ ሦስቱ ሴሎች ከ3 ቮልት በላይ ነበሩ፤ አንደኛው 2.5 ደርሶ ነበር።

ይህ ከሁለት ነገር በአንዱ ይሆናል። ሴሉ በእርግጥ ደካማ ወይም አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ አሮጌ ሴሎች በአዲስ ልባስ ተጠቅልለው እንደሚሸጡ የታወቀ ነው። ወይም ደግሞ ሴሉ ጤነኛ ሆኖ ባትሪው በመጋዘን ብዙ ሲቀመጥ ከጓደኞቹ እኩል ሳይሞላ ቀርቶ ይሆናል። ሁለተኛው ከሆነ ይድናል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከቻርጀሩ ጋር ለረጅም ሰዓት ሲቆይ፣ ካርዱ የሞሉትን ጥቂት እያፈሰሰ የጎደለውን እስኪደርስባቸው ይጠብቃል። ሰውን በወሬ ከመክሰስ በፊት ማጣራት በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝነው ነው፤ በአንድ ሙከራም ሰውን አጭበርባሪ ማለት ከወሬ ብዙ አይሻልም። አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት እየተጠባበቅን ከቻርጀር ጋር አቆየነው። ደግመን ስንፈትነው 74 አምፔር-ሰዓት ሰጠ። ያው ሴል ነው ቀድሞ የወደቀው። አሁን የምንናገረው ነበረን።

ሱቁ የአንድ ሽማግሌ ሐጂ ነው። ደብተሩን ዘርግቼ በየግማሽ ሰዓቱ የጻፍነውን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ፣ «ወላሂ ልጄ፣ እኔም የተጻፈውን አይቼ ነው የገዛሁት» አሉኝ። አመንኳቸው፤ እስከ ዛሬም አምናቸዋለሁ። ግን አለማወቅ የጎደለውን አይሞላውም፤ ይህን እርሳቸውም አልካዱም። በፊቅህ ሊቃውንት ዘንድ ገዢ ሲገዛ ያላየው ነውር በዕቃው ላይ ቢያገኝ የመመለስ መብት እንዳለው የታወቀ ነው፤ ኺያሩል ዐይብ ይባላል። እኔ አንስቼው ሳልጨርስ እርሳቸው ቀደሙኝ። «ስንት ሰው እንደዚህ ለክቶ ይመጣል? ሳይለካ ቤቱ ያስቀመጠውስ?» ብለው ዝም አሉ። በሱረቱል ሙጠፊፊን በመስፈሪያ የሚያጎድሉ የተወገዙት በእህልና በቴምር ዘመን ነው፤ አምፔር-ሰዓትም መስፈሪያ ነው።

ሌላ ባትሪ አወጡልኝ። ካልሞላ እንደምመልሰው ተስማማን፤ እኔም በፊታቸው በወረቀት ጻፍኩት።

ስለ ሐጅ ተጓዦች አንድ ነገር

ልወጣ ስል ሐጂው መደርደሪያቸው ላይ ወዳሉት ፓወር ባንኮች እያሳዩኝ፣ «እነዚህንስ? ለሐጅና ለዑምራ የሚሄዱት በብዛት የሚገዙት እነዚህን ነው» አሉ። ጉዳዩ ለብዙ ቤተሰብ ስለሚጠቅም እጽፈዋለሁ።

በፓወር ባንክ ላይ 20,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ተጽፎ ስልኩ ላይ ግን ከ12,000 ወይም ከ13,000 ብዙም ባያልፍ ሁልጊዜ ማታለል አይደለም። የተጻፈው በውስጡ ባለው ሴል 3.7 ቮልት የተሰላ ሲሆን፣ ወደ ስልኩ የሚወጣው ግን በ5 ቮልት ነው፤ ሲለወጥም ጥቂት ይባክናል። ትክክለኛው ቁጥር 74 ዋት-ሰዓት ነው። ከዚህ እጅግ ካነሰ፣ ለምሳሌ በ5 ቮልት 5,000 ብቻ ከሰጠ፣ ያን ጊዜ ነገር አለ። ለብቻው የሚሸጠው ክብ ሴል፣ የጣት ባትሪ ከሚባለው ትንሽ የሚበልጠው፣ 9,900 ተጽፎበት ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ፤ በዚያ መጠን ያለ ጥሩ ሴል የሚይዘው 3,500 ያህል ነው።

ለተጓዥ ደግሞ፣ ፓወር ባንክ ወደ አውሮፕላን የሚገባው በእጅ ቦርሳ ብቻ ነው፤ ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ አይፈቀድም። እስከ 100 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም እስከ 27,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት ገደማ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ይያዛል፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 የአየር መንገዱ ፈቃድ ይጠየቃል። በሚና ድንኳንና በዐረፋ ፀሐይ ላይ የጋለ ፓወር ባንክ በፀሐዩ ውስጥ እያለ አይሞላ። ያበጠ ካለም አይጓዙበት፤ እቤትም አይቀመጥ።

ሁለተኛው ባትሪ

ሁለተኛውን በዚያው ምጣድ፣ በዚያው አምፖል ፈተንነው። 7 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ሄደ። የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ያለማጋነን ቆመን ነው ያሳለፍናቸው።

ከዚህ በኋላ አንድ ሙከራ ቀረን። አምፖል ማሽን አይደለም። የኦክስጅኑ ማሽን ሲነሳ ለቅጽበት ብዙ ኃይል ይስባል፤ ርካሽ ኢንቨርተር እዚህ ላይ ሊወድቅ ይችላል፤ የሚያወጣው ሞገድ ከመብራት ኃይል ሞገድ ጋር የማይመሳሰልም ከሆነ የማሽኑን ሞተር ያግለዋል። ስለዚህ በቀን፣ እናቴ ማሽኑን በማትጠቀምበት ሰዓት፣ ባዶውን አስነስተን በባትሪ ብቻ አሠራነው። 3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ቆየ። ይህን ቁጥር ለሐኪሟ ነገርናቸው፤ ሲሊንደሩ ግን ከቦታው እንዳይነሳ አሳሰቡን፤ አልተነሳምም።

አገጣጠሙን ባለሙያ ሠራው። 1,000 ዋት ያለው ኢንቨርተር በ12 ቮልት ወደ 100 አምፔር ስለሚስብ ገመዱ እንደ ጣት የወፈረ፣ አጭርና በፊውዝ የተጠበቀ መሆን አለበት። ባትሪውን ከእናቴ መኝታ ውጭ፣ በኮሪደሩ ከመውጫው በር ራቅ አድርገን አስቀመጥነው። ኦክስጅን ባለበት ክፍል እሳት ይበረታልና፣ የቡናው ከሰልና የዕጣን ማጨሻው ከእናቴ ክፍል ወጡ። ይህኛው ከባትሪው ሁሉ የከበደ ክርክር ነበር፤ እናቴ ያለ ዕጣን ጁምዓ ጁምዓ አይመስላትም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ስንተኛ እሳትን እንድናጠፋ ማዘዛቸውን ስናስታውሳት ዝም አለች። ጄኔሬተር ያላችሁም በቤት ውስጥ ወይም በመስኮት ሥር አታስነሱት፤ ጭሱ ሽታ የሌለው ገዳይ አለበት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ጩኸት አልነበረም። እኔ የነቃሁት የውጭው አምፖል ስለጠፋብኝ ነው። ተነስቼ በኮሪደሩ ቆሜ ሳዳምጥ ማሽኑ እንደወትሮው ይተነፍሳል። 9 ሰዓት ከ40 ላይ መብራት መጣ። ለፈጅር ስንነሳ እናቴ ጠፍቶ እንደነበር አላወቀችም ነበር።

የእህቴ ልጅ በባትሪው ጎን ላይ ወረቀት ለጥፎ 100 አምፔር-ሰዓት ብሎ ቀኑን ጽፎበታል። ከሥሩም ከስድስት ወር በኋላ የሚውለውን ቀን ጽፏል፤ ምጣዱን እስከዚያ እንዳንጥለው አሳስቦናል።